የየሺሃረግ ጥናት

ጵርስቅላ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ባለችው የኪራይ ክፍሏ ተቀምጣ የምትጽፈው ለሰው አይደለም። የምትሠራበት ድርጅት የሳይንስ ጥናቶችን ፈልጎ የሚያመጣ መሣሪያ አለው፤ በመሣሪያው የሚገለገሉት ደግሞ ኤጀንት የሚባሉት የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራሞች ናቸው። መሣሪያው እንዴት እንደሚጠየቅና መልሱ ምን እንደሚመስል የሚያስረዳውን መመሪያ የምታዘጋጀው እሷ ናት። ኤጀንቱ ሥራ ከመጀመሩ በፊት እሱን ያነባል።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ገመቺስ በቴሌግራም ጻፈላት። ገመቺስ እዚያው ግቢ ተከራይቶ የሚኖር የማስተርስ ተማሪ ነው፤ የባህል መድኃኒት ያጠናል።

«መሣሪያችሁ ጉድ ነው» ይላል መልእክቱ። «እንጦጦ ያሉት አጎቴ፣ አቶ በዳዳ፣ የኮሶ ትል ይዟቸው ሐኪም ቤት አልሄድም ብለው አስቸግረውን ነበር። የኮሶ አበባ ስንት ግራም እንደሚበጠበጥ ኤጀንቱ ጥናት አገኘልኝ። ይዤላቸው እየወጣሁ ነው።»

ከሥሩ የመልሱን ፎቶ አያይዟል። ርእሱን አነበበች። መጠኑን አነበበች፤ ስልሳ ግራም። ከዚያ የአጥኚዋን ስም፤ የሺሃረግ ገመዳ።

የሺሃረግ ገመዳ እናቷ ናቸው። ሾላ ገበያ ቅመም ይሸጣሉ እንጂ በዕድሜያቸው ጥናት ጽፈው አያውቁም።

ባለፈው ወር ለመመሪያው አንድ ምሳሌ አስፈልጓት፣ እውነተኛ ጥናት መፈለጉ ሰልችቷት ከራሷ ፈጥራ ነበር። ስለ ኮሶ ርእስ ሰጠችው፣ ዓመት ሰጠችው፣ የእናቷን ስም ጻፈችበት። ቁጥር ሲቀራት ስልሳ አለች። ለምን ስልሳ እንዳለች እንኳ አታውቅም። ፍለጋው ባዶ ሲሆን ኤጀንቱ «አላገኘሁም» ማለት እንዳለበት ግን ሳትጽፍ አለፈች። ኤጀንቱ ፈልጎ ሲያጣ የእሷን ምሳሌ አንስቶ ሰጥቷል።

ደወለችለት፤ ጥሪ አይቀበልም። «እንዳትሰጣቸው። ጥናቱ የለም» ብላ ጻፈች። መልእክቱ አልደረሰም። ኮሶ ሲበዛ ዓይን እንደሚያጠፋ፣ እንደሚገድልም፣ ከራሱ ከገመቺስ ነው የሰማችው።

ከገመቺስ ጋር ሄዳ ወደምታውቀው የአቶ በዳዳ ቤት በታክሲ ገሠገሠች። ታክሲው መጨረሻ ላይ ሲያወርዳት ዳገቱን በሩጫ ተያያዘችው። ትንፋሿ ከዳት፤ ባሕር ዛፍ ይዛ ቆመች፤ እንደገና ሮጠች። በእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት በኩል ሰው ሲጮህ የሰማች መሰላት። ጆሮዋን ስትጥል ነፋስ ነበር።

የአቶ በዳዳ ባለቤት ወይዘሮ ዘቢደር ደጃፍ ላይ ቆመዋል።

«እማማ፣ ጠጡት?»

«ግማሹን። መረረኝ ብለው ተዉት። ምነው ልጄ፣ ፊትሽ እንዲህ የሆነው?»

በአጠገባቸው አልፋ ገባች። አቶ በዳዳ መደብ ላይ ተቀምጠው ከፊታቸው ወደተቀመጠው ጎድጓዳ ሳህን ያስመልሳሉ። ገመቺስ ትከሻቸውን ይዟል።

«ሲያሽር እንዲህ ነው» አላት።

«ገመቺስ፣ ጥናቱ የለም። እኔ ነኝ የፈጠርኩት። ለምሳሌ ብዬ።»

አልገባውም። ደገመችለት። ዳግመኛ ሲሰማ እጁ ከአጎቱ ትከሻ ላይ ወደቀ።

«የማን ድምፅ ነው?» አሉ አቶ በዳዳ። ፊታቸው ወደ እሷ ዞሯል፤ ዓይናቸው ተከፍቷል፤ የሚያዩት ግን ግድግዳውን ነው። «ዘቢደር፣ በሩን ዘጋሽው እንዴ? ጨለመብኝ።»

በሩ ወለል ብሎ እንደተከፈተ ነው። የቀትር ፀሐይ ጉልበታቸው ላይ አርፏል።

ጎረቤቶች በቃሬዛ ተሸክመው እስከ አስፋልቱ አወረዷቸው፤ ከዚያ በመኪና ሆስፒታል ደረሱ። ጵርስቅላ ለሐኪሙ ሁሉንም ተናገረች፤ መጠኑን፣ የጠጡትን፣ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ። ሐኪሙ የመጨረሻውን አልጻፈውም። «ግማሹን መተዋቸው ነው ያተረፋቸው፤ የዓይናቸውን ነገር ግን ቆይተን ነው የምናየው» አለ።

ለሁለት ቀን ከአልጋቸው ሥር አልተለየችም። በየሰዓቱ ጣቶቿን ታነሳለች።

«ስንት ነው አባባ?»

«አንቺ ንገሪኝ እንጂ ልጄ።»

በሦስተኛው ቀን ጠዋት «ሁለት» አሉ። ሁለት ነበር። ወንበሩ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ገመቺስ ኮሪደሩ ላይ ውሃ አቀበላት፤ አላናገራትም። የአቶ በዳዳ ቀኝ ዓይን ተመለሰ። ግራው ጉም እንደሸፈነው ቀረ።

ምሳሌውንማ በዚያው ማክሰኞ ከሆስፒታሉ ደጅ ሆና በስልኳ አጥፍታዋለች። አለቃዋን ፊልሞናን ግን በስልክ ያገኘቻት አቶ በዳዳ ማየት ከጀመሩ በኋላ ነው።

«መመሪያው ከነምሳሌው አንድ ወር ሙሉ ሥራ ላይ ነበር። ይህ መልስ ለስንት ሰው እንደተሰጠ ማወቅ አለብን» አለች ጵርስቅላ የሆነውን ከነገረቻት በኋላ።

ፊልሞና «የምንመዘግበው ጥያቄውን ነው። ኤጀንቱ ለሰውየው ምን ብሎ እንደመለሰ እኛ ጋ አይደርስም» አለች።

«ስለ ኮሶ የጠየቁትስ ስንት ናቸው?»

የኪቦርድ ድምፅ ተሰማ።

«አሥራ ዘጠኝ» አለች ፊልሞና። «እነማን እንደሆኑ ግን አይታወቅም።»