ቃሉ እስኪመጣ

ሴትዮዋን መዋዕለ ሕፃናቱ የቀጠራት ለሁለት ሥራ ነበር። ጠዋት ክፍሎቹን ታጸዳለች፤ ከምሳ በኋላ ደግሞ ሃያ ሁለት ሕፃናት ሲተኙ ትጠብቃለች። ልጆቹ «እትዬ» ይሏታል። የመኝታው ክፍል ረጅም ነው፤ ፍራሾቹ ወለሉ ላይ በሁለት ረድፍ ይነጠፋሉ። ሰባት ሰዓት ላይ ሰማያዊዎቹ መጋረጃዎች ሲዘጉ የቀትሩ ብርሃን በጨርቁ ተጣርቶ ይገባና ክፍሉን ውኃ ሥር ያለ ያስመስለዋል። ግድግዳው ሰማያዊ፣ የልጆቹ ጉንጭ ሰማያዊ፣ የእትዬ ነጭ ሽርጥ ሳይቀር ሰማያዊ ይሆናል።

እትዬ አንድ ምስጢር ነበራት። በአርባ ሦስት ዓመቷ የማታ ትምህርት ጀምራ ነበር፤ ፊደል መቁጠር ከያዘች ገና ስምንት ወሯ ነው። እዚህ ስትቀጠር ቅጹን የሞላላት የእህቷ ልጅ ስለነበር ማንም አያውቅባትም። የማታ አስተማሪዋ «ድምፅሽን አውጥተሽ ካላነበብሽ ምላስሽ አይፈታም» ስላላት፣ ልጆቹ ሲተኙ በሩ አጠገብ ያለችው አጭር ወንበር ላይ ትቀመጥና የማንበቢያ መጽሐፏን ከሽርጧ ኪስ አውጥታ በሹክሹክታ ትለማመዳለች። የመጽሐፉ የፊት ገጾች ስለ እጅ መታጠብና ስለ ክትባት ናቸው። ከኋላ ግን አንድ ረጅም ታሪክ አለ፤ የጠፋች እህቷን ፍለጋ በጀልባ ወንዝ ስለወረደች ሴት።

አንድ ቀን ቀትር ላይ እዚያ ታሪክ ደረሰች።

«ጀ… ል… ባ… ዋ…» አለች ጣቷን ከፊደሉ ሥር እየጎተተች። «ጀልባዋ። ሰ…»

«ሰመጠች?» አለ አንድ ቀጭን ድምፅ።

እትዬ ክው አለች። ሠራተኞቹ «ቁልጭልጭ» የሚሏት የአራት ዓመት ተኩል ልጅ ብርድ ልብሷን እንደ ጭራ እየጎተተች መጥታ አጠገቧ ተንበርክካለች። ቁልጭልጭ የተባለችው ዓይኗ ቀን ቀን አልከደን ስለሚል ነው። መጽሐፍ ደግሞ አትወድም፤ የክፍሏ አስተማሪ ሥዕል ያለበት መጽሐፍ ስትከፍት ጀርባዋን ሰጥታ ጫማዋን መፍታትና ማሰር ትጀምራለች።

«አንቺ ልጅ፣ አትተኚም?»

«ሰመጠች ወይ?»

«እኔ ምን አውቄ! ገና አልደረስኩበትም» አለች እትዬ፣ እውነቷን።

ልጅቷ ቀና ብላ አየቻት። እስከዚያ ቀን የምታውቃቸው ትልልቅ ሰዎች ሁሉ መጽሐፍ ሲከፍቱ መጨረሻውን አስቀድመው የሚያውቁ ነበሩ።

«እንግዲያው እንየው» አለችና እትዬ ጉልበት ሥር ገባች።

«ሰ… ፈ… ፈ… ች። ሰፈፈች!»

«አልሰመጠችም!»

ሁለቱም እፎይ አሉ።

በሳምንቱ አድማጮቹ ሰባት ሆኑ፤ በሁለተኛው ሳምንት ክፍሉ በሙሉ ፍራሹን እየጎተተ በሩ አጠገብ ተከማቸ። እትዬ አንዱን ቃል ፈታ እስክትጨርስ ልጆቹ ትንፋሻቸውን ይይዙና ይገምታሉ። አንዳንዱ ቃሉ መሐል እንቅልፍ ይወስደዋል። ያኔ ነፋሱ መጋረጃውን ነፍቶ መልሶ ይለቀዋል፤ ፍራሾቹ ቀስ ብለው ከወለሉ የተነሡ፣ ሃያ ሁለት ትንንሽ ጀልባዎች በሰማያዊው ብርሃን ላይ የሚንሳፈፉ ይመስላል። እትዬ ራሷ፣ አንድ ጊዜ ከገጹ ቀና ስትል፣ እግሯ እንዳይርስ ብላ ሰበሰበችው። የተኙት ሲነቁ ታሪኩን ከደረሱበት ይቀጥላሉ። አንዱ «እህቷን እኔ አገኘኋት፣ ድልድይ ሥር ፀጉሯን ታበጥራለች» ይላል፤ ሌላው «ውሸታም፣ እኔ ጋ ነበረች!» ብሎ ያለቅሳል። መጽሐፉ ውስጥ ያለውንና በሕልም የመጣውን የሚለይ ጠፋ።

ከዚያ የቁልጭልጭ እናት ዳይሬክተሯ ቢሮ መጣች።

«ልጄን ምን አድርጋችኋት ነው?» አለች፣ ተቆጥታ እንኳ አይደለም፣ ግራ ገብቷት። «አባቷ ሊያነብላት ሲሞክር መጽሐፉን ትዘጋበታለች። ‹ቀስ በል፣ ቃሉ ይምጣ እንጂ› ትለዋለች። ሰውዬው ተናዶ ሊሞት ነው።»

ዳይሬክተሯ ጉዳዩን አጣራች። በማግስቱ እትዬ ከመኝታ ክፍሉ ወጥታ ኮሪደር እንድትወለውል ተደረገና፣ ጎበዟ ወጣት አስተማሪ ያንኑ ታሪክ እንድታነብ ተላከች። አስተማሪዋ የሴትዮዋን በሴትዮዋ፣ የቀዛፊውን በቀዛፊው ድምፅ እያደረገች በአሥር ደቂቃ ጨረሰችው። ግማሾቹ እየተንፈራገጡ ቆዩ፤ ግማሾቹ ብርድ ልብሳቸውን ተከናነቡ።

«ምነው፣ አልወደዳችሁትም?» ብትል ቁልጭልጭ መለሰችላት። «ቲቸር፣ አንቺ ቀድመሽ ታውቂዋለሽ። እትዬ ግን ከእኛ ጋ ነው የምታገኘው።»

አስተማሪዋ ይህን ለዳይሬክተሯ ስትነግራት፣ እትዬ ተጠራች። እርጥብ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ገባች። ዳይሬክተሯ በዕድሜ ስለምታንሳት አንቱ ነው የምትላት።

«እስቲ ይንገሩኝ፣ ለልጆቹ እንዴት ነው የሚያነቡላቸው?»

የእትዬ ጆሮ ጋለ። ሥራዋን በልቧ ተሰናበተች።

«አላነብላቸውም» አለች። «እኔ ማንበብ እየተማርኩ ነው። የማታ። አልዋሽዎትም፣ ቶሎ አይመጣልኝም፤ እነሱ ደግሞ አብረውኝ ይጠብቃሉ። ይኸው ነው። ነውር ከሆነ ይቅር ይበሉኝ።»

ዳይሬክተሯ እርሳሷን ጠረጴዛው ላይ አንከባለለች። ከዚያ ተነሥታ እትዬን ከፊት አስቀድማ እስከ መኝታ ክፍሉ ሄደች፤ ጉልበቷ አገጯ እስኪደርስ ታጥፋ ከሕፃናቱ ወንበር አንዷ ላይ ተቀመጠች።

«ይቀጥሉ» አለች።

እትዬ መጽሐፉን ከሽርጧ ኪስ አውጥታ ጀመረች። «ጭ… ጋ… ጉ…» ልጆቹ ተነፈሱ። ዳይሬክተሯ ሁለት ገጽ ያህል በጥሞና አዳመጠች። በሦስተኛው ላይ ራሷ ወደ ጎን ዘንበል አለ፤ መነጽሯ አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ቀረ። ሃያ ሁለቱም ሕፃናት ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው እርስ በርስ «እሽሽ» ተባባሉ። ስትነቃ ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ ነበር። «ጀልባዋ የት ደረሰች?» ብላ ጠየቀችና አፈረች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእንቅልፍ በፊት ያለው ግማሽ ሰዓት ለእትዬ ተሰጠ።

ወራት አለፉ። ያ ታሪክ አለቀ፤ ሌላ መጽሐፍ መጣ። የእትዬ ምላስ ደግሞ ተፈታ። ፈተናዋን አለፈች፤ ፊደሎቹ አንድ ባንድ መምጣታቸውን ትተው እየተያያዙ፣ እየተግተለተሉ ይመጡላት ጀመር። አንድ ቀን ቀትር ላይ አንድ ገጽ ባንድ ትንፋሽ አንብባ በኩራት ቀና ስትል፣ ልጆቹ አኩርፈዋል።

«እትዬ፣ እየሮጥሽ ነው» አለ አንዱ። «ጥለሽን ሄድሽ።»

ደስታዋ እንደ ሻይ ቀዘቀዘባት። ለዚህ ቀን ስንት ሌሊት ዓይኗን አጥፍታለች! ትንሽ አሰበችና ጣቷን ወደ ገጹ መጀመሪያ መለሰች። ቃሉን እያየችው፣ እያወቀችው፣ ፊተኛዋን ፊደል ብቻ አለች።

«ጭ…»

ማንም አልገመተም። ለወራት የእትዬን ጣት በዓይኗ ስትከተል የከረመችው ቁልጭልጭ ወደ ገጹ ጠጋ ብላ፣ ከእትዬ ጣት ቀጥሎ የራሷን ትንሽ ጣት አስቀመጠች።

«…ላ… ን…» አለች። ግንባሯ ተቋጠረ። ቃሉ የእትዬ ከንፈር ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጠችው። ጠበቀች። «…ጭ… ል። ጭላንጭል! እትዬ፣ ጭላንጭል ነው የሚለው! ሩቅ ጭላንጭል አየች!»

«የት? የት?» አሉ ልጆቹ፣ ከየፍራሻቸው እየተነሡ።

«ቆዩ» አለች ቁልጭልጭ፣ ዓይኗን ከገጹ ሳትነቅል። «ገና አልደረስኩበትም።»