የተረፈው የማተብ ክር

ሰላማዊት ማንኪያው አፏ ሳይደርስ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ ለጥፋ ወደ ጓሮ ሮጠች። በገዛ ልጇ የክርስትና ድግስ ላይ፣ ያውም የልጇ ክርስትና እናት በእጃቸው ሊያቀምሷት የነበረውን ነጭ ማር ሸሽታ!

ማሩን ያመጡት እትዬ ጸሐይነሽ ናቸው፤ ከፃግብጂ ወረዳ የሚመጣ ማር ሰቆጣ ላይ አጣርተው የሚሸጡ፣ የሰላማዊት አሠሪ። ጧት ሕፃኗን ክርስትና ያነሡትም እሳቸው ነበሩ። ከማተቡ የተረፈውን ክር በመቀነታቸው ጫፍ ቋጥረዋል፤ በቅርቡ ልጇን ለምታስጠምቀው ጎረቤት ለወለተ ሐና ሊሰጡ ቃል ገብተዋል።

ማንኪያውን እንደያዙ ቆሙ። በመጀመሪያው እርግዝና ጊዜም ሰላማዊትን የማር ሽታ እንዲህ አስሩጧት ነበር። ያኔ ከማጣሪያው አንሥተው በር ላይ ካለው መሸጫ ያስቀመጧት እሳቸው ናቸው። ተከትለዋት ወጡ።

ሰላማዊት ግድግዳውን ተደግፋ ታለቅሳለች። የወሊድ ፈቃዷ ሊያልቅ ነው። ሐሳቧ ወደ ሥራዋ ተመልሳ፣ ሰንበትበት ብላ እርግዝናውን ልትናገር ነበር። ባሏ ወንዳወቅ ግንበኛ ነው፤ ሥራ ሲጠፋ ቤቱ የሚቆመው በእሷ ደመወዝ ነው። አከታትላ የምትወልድ ሠራተኛን ማን ይታገሣል?

"ደግሞ አረገዝሽ?" አሉ እትዬ ጸሐይነሽ።

"ትናንት ነው ጤና ጣቢያ የነገሩኝ።"

"እናንተ ጉዶች! ሰማንያ ቀን እስኪሞላ፣ ክርስትናው እስኪደርስ እንኳ መታገሥ አቃታችሁ?"

"ወንዳወቅ ነው፣" አለች ሰላማዊት በነጠላዋ ተሸፍና።

"ብቻውን?"

ሁለቱም በሳቅ ፈነዱ። ሰላማዊት ግን ሳቋ ቶሎ ጠፋ። "በእኔ ቦታ ለጊዜው የገባችውን ኤደንን ቋሚ ቢያደርጓት አልቀየምዎትም፣ እትዬ።"

"ማን ጠየቀሽ? ፈቃድሽን ጨርሰሽ ትመጫለሽ። መሸጫው ላይ ትቀመጫለሽ፤ ማጣሪያውን ኤደን ትይዘዋለች። ለምርመራ ስትሄጂ ደመወዝሽ አይነካም። ለዚህኛውም ስትደርሺ እንደ መጀመሪያው ሙሉ ፈቃድሽን ትወስጃለሽ። 'ባለፈው ወስደሻል' ብሎ የሚከለክል ሕግ የለም።"

"ዛሬ አበልጅ ስለሆንን ነው?"

"አበልጅ ባንሆንም ያው ነው። በአበልጅነቴ የምጨምርልሽ ስድቡን ነው!"

ሰላማዊት እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች። ከትናንት ጀምሮ ደረቷ ላይ የተጫነው ነገር ወረደላትና፣ ገና ባልተወለደው ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ አላት።

ወንዳወቅ ሕፃኗን ታቅፎ በሩ ላይ ብቅ አለ። "ምን ሆና ነው?"

"የሚጠየቀውማ አንተ ነህ!" አሉት እትዬ ጸሐይነሽ። "ግባና ማሩን አንተው ብላው።" ወንዳወቅ ፊቱ ቀላ፤ ሰላማዊት ሆዷን ይዛ ሳቀች።

ድግሱ ሲበተን ወለተ ሐና መጣች። "እትዬ፣ ያ ክር እንዳይረሳ።"

እትዬ ጸሐይነሽ የመቀነታቸውን ቋጠሮ መፍታት ጀመሩና ሰላማዊትን አዩ። ቋጠሮውን መልሰው አጠበቁት።

"ለአንቺስ ነገ አዲስ እገዛልሻለሁ፣" አሉ። "ይኼኛው ባለቤት አለው።"