የደረቅ ኮባ ኮሽታ

ጣሊያን ቡታጅራ ገብቶ በተቀመጠ በሁለተኛው ዓመት፣ መስከረም ሊጋመስ ሲል፣ ዘይባ የልጇን ሞት ሰማች። ከሁለት ቀን በኋላ ደግሞ መጨፈር ነበረባት።

የነገረቻት የአክስቷ ልጅ ከድጄ ናት። በርበሬ በአህያ ጭና እስከ ወልቂጤ የምትነግድ ሴት ስለሆነች ወሬ ቀድሞ የሚደርሰው እሷ ዘንድ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት መጣችና ዘይባን ወደ ጓሮ፣ እንሰቱ ሥር ወሰደቻት።

"ዘይባዬ፣ ሸምሶ አልፏል። ገደሉ አፋፍ ላይ ከወደቁት አንዱ እሱ ነው። በዓይኑ ያየ ሰው ነው የነገረኝ። በአላህ፣ እንዳትጮሂ!"

ዘይባ አልጮኸችም። ሻሿን አፏ ውስጥ ከታ ነከሰች።

ሸምሶ ከአርበኞቹ ጋር ከተቀላቀለ ስምንት ወሩ ነበር። ለፈረንጆቹ ግን "ጅማ ለንግድ ሄዷል" ተብሏል፤ የጉራጌ ልጅ ለንግድ ወጣ ቢሉት ማን ይጠራጠራል? ባለፈው ሳምንት አሥራ አንድ አርበኞች ገደሉ አፋፍ ላይ በውጊያ ሲወድቁ፣ የቡታጅራው ካፒቴን የማን ልጆች እንደሆኑ ሊያውቅ አልቻለም። ማወቅ ግን ፈልጓል። የሟቹ ቤት ከታወቀ ቤቱ ይቃጠላል፣ አባትየው ገበያ መሀል ይሰቀላል። በግንቦት ይኸው በአንድ የመስቃን ገበሬ ላይ ሲደረግ ዘይባ ራሷ አይታለች።

ሰኞ ደግሞ የቅጠል ቀን ነው። ክረምቱ አልፎ ወንዙ ሲጠራ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ቅጠል ለብሶ ይወጣል። አንዱ በኮባ ተጠቅልሎ እንሰት ይሆናል፣ አንዱ ሰርዶ ደርቦ መስክ ይሆናል፣ የጉሬዛ ቆዳ ያገኘ ደግሞ ያለ ዕድሜው ዛፍ ላይ ልውጣ ይላል። ከገበያው እስከ ወንዙ እየጨፈሩ ይወርዳሉ፣ ያበቀለላቸውን ያመሰግናሉ። እስላሙም ክርስቲያኑም አይቀርም።

በዓመቱ ሰው የሞተበት ቤት ግን ለምለም አይለብስም። ደረቅ ኮባ ለብሶ፣ ሳይጨፍር፣ ከሰልፉ ጭራ ይሄዳል። ወንዙ ዳር ሲደርስ ደረቁን ቅጠል ለውሃው ይሰጣል፤ ሟቹ ያኔ ተሸኘ ይባላል። ያልተሸኘ ሙት መንገድ ላይ ይቀራል ይላሉ ሽማግሌዎቹ።

ይህን ልማድ ለካፒቴኑ ያቀበለው አስተርጓሚው ሽባባው ነው። ሽባባው ከሰሜን በጸሐፊነት መጥቶ አሥር ዓመት ቡታጅራ የኖረ፣ በየዓመቱም ሰርዶ ለብሶ አብሯቸው የጨፈረ ሰው ነው። የበላበትን ወጪት ሰባሪ! "ሐዘኑን የሚደብቅ ቤት የለም፤ ደረቅ የለበሰውን ማየት ነው" ብሎ መከረ። ካፒቴኑም አዘዘ፦ ከየቤቱ ሁሉም ይውጣ፣ ደረቅ የለበሰ ሁሉ የሟቹን መቃብር ያሳይ። ሸምሶ ደግሞ መቃብር የለውም።

ዘይባ ለባሏ ለሀቢቡ አልነገረችውም። ሀቢቡ የሰልፉ መሪ ነው፤ ካፒቴኑ ፊት ብቻውን የሚዘለው እሱ ነው። ካወቀ እግሩ አይታዘዝለትም፣ ካልዘለለ ይጠየቃል፣ ከተጠየቀ ፊቱ ያጋልጠዋል። ስለዚህ ሆድ ይፍጀው አለች። ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳሉ ቢባልም፣ እነዚህን ሁለቱን ያየ ይጠራጠር ነበር። የሱ አፍ አያርፍም፤ ከሷ አፍ ቃል የሚወጣው ተለምኖ ነው።

እሑድ ሀቢቡ ለምለም ኮባውን በቃጫ ሲሰፋ፣ ሲያንጎራጉር ዋለ።

"የሸምሶ እናት፣ ዘንድሮ ካፒቴኑን ራሱን ነው የማስጨፍረው! ያንን ቦርጩን ይዞ ሲዘል ይታይሽ" አለና ሳቀ።

ዘይባ ጠላችው። እውነት ለመናገር፣ ሃያ ሦስት ዓመት አብራው ስትኖር እንደዚያ ቀን ጠልታው አታውቅም።

ጥላው ወደ ጓሮ ወጣች። ሸምሶ ከመሄዱ በፊት በእጁ የተከለው እንሰት አለ። ቅዳሜ ከድጄ ስታረዳት ዓይኗ ተተክሎ የቀረው እሱ ላይ ነበርና ሁለት ደረቅ ቅጠል እንደነበረው ታስታውሳለች። አሁን የቀረው አንድ ነው፤ ሌላው የተቆረጠበት ቦታ ገና አልጠቆረም። የጎረቤት ልጆች ለእሳት ማያያዣ ወስደውት ይሆናል ብላ ረገመቻቸው። የቀረውን ቆረጠችና ከለምለሙ ልብሷ ውስጥ፣ ከደረቷ ጋር አያይዛ ሰፋችው። ወንዙ ዳር ሰው ሳያያት ሹልክ አድርጋ ውሃው ላይ ልትጥለው ነው። ልጇን መንገድ ላይ ልትተወው አልቻለችም። ደረቅ ኮባ ግን ዝም አይልም፤ ሰው ሲንቀሳቀስ ይንኮሻኮሻል። ስለዚህ እስኪለሰልስ ድረስ ውሃ አጠጣችው።

ሰኞ ረፋዱ ላይ ሰልፉ ከገበያው ተነሣ። ካፒቴኑ ዛፍ ሥር ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ አገሩ ሰላም መሆኑን የሚያሳይ ፎቶግራፍ የሚያነሣ ሰውም አስመጥቷል። ሽባባው ከጎኑ ቆሞ ከእግር እስከ ራስ እያንዳንዱን ይመረምራል። ከሰልፉ ጭራ ደረቅ የለበሱት ሦስት ባልቴቶች ብቻ ነበሩ።

ካፒቴኑ ፊት ሲደርሱ እንደ ልማዱ ከበሮው ቆመ። ሁሉም ጸጥ አለ። ሀቢቡ ለብቻው ወጥቶ ዘለለ።

ኮሽ አለ።

ዘይባ ደነገጠችና ደረቷን ነካች። የሷ ቅጠል እርጥብ ነው፣ ትንፍሽ አላለም። ሀቢቡ ሁለተኛ ዘለለ። ኮሽታው ከሱ ነው፤ ከለምለሙ ሥር፣ ከብብቱ ግድም። ከሸምሶ እንሰት ላይ የተቆረጠው ቅጠል ታወሳት። ልጆች አልነበሩም የወሰዱት። እሱም ያውቃል! ያውቃል፣ ግን ቅጠሉን ማርጠብ አላሰበም፤ ወንድ ነው እንግዲህ።

ሽባባው አንገቱን ወደ ሀቢቡ መለሰ። አሥር ዓመት የሰማውን ድምፅ ጆሮው አይስተውም። አንድ እርምጃ ወደ ፊት ራመደ። ሀቢቡ ለሦስተኛው ዝላይ ጉልበቱን አጠፈ።

ዘይባ እልል አለች።

በመሪው ዝላይ ጊዜ እልል የሚል የለም፤ ሴቶቹ ግራ ተጋብተው ዞረው አዩዋት። እሷ ግን አላቆመችም። ትንፋሿ ሲያልቅባት እንደገና ጀመረች። ቀስ በቀስ አንዷም ሌላዋም ተቀበሏት፣ ከበሮውም ገባ፣ ገበያው ሁሉ በእልልታ ተሞላ። ኮሽታውን ማንም አልሰማው። ሽባባው ጥቂት አመነታና ፈገግ ብሎ ወደ ዘይባ ቀረበ።

"እንዲህ ያለ ጉሮሮ አለሽ እንዴ? ልጅሽ ከጅማ ሲመለስ በሠርጉም እንዲሁ እልል በይ!"

"አሚን" አለች ዘይባ።

እስከ ወንዙ ድረስ እልል እያለች ወረደች፤ ሀቢቡ በዘለለ ቁጥር እልል። ወንዙ ዳር ግን ወታደሮች ተደርድረው ነበር። ደረቅ ከለበሱት ከሦስቱ ባልቴቶች በቀር ማንንም ወደ ውሃው አላስጠጉም። ዘይባ ባልቴቶቹ ቅጠላቸውን ሲሰጡ፣ ውሃውም ይዞት ሲሄድ ከሩቅ ቆማ አየች። ቀናችባቸው።

ቤት ገብተው በሩን ሲዘጉ የሀቢቡ እጅ ልብሱን መፍታት አቃተው። ዘይባ ቃጫውን በጥርሷ በጠሰችለት። ከግራ ብብቱ ሥር ደረቁ ቅጠል ወደቀ። እሷም የራሷን አወጣችና መደቡ ላይ ከሱ ጎን አስቀመጠችው። ሀቢቡ ሁለቱን ቅጠሎች አየ።

"መቼ ሰማሽ?"

"ቅዳሜ" አለች፤ ከጉሮሮዋ የወጣው ሹክሹክታ ብቻ ነበር። "አንተስ?"

"ሐሙስ፣ ከመስጊድ ስወጣ። ከሰማሽ ትወድቂያለሽ ብዬ..."

ሐሙስ። አራት ቀን ሙሉ ሲቀልድ፣ ሲያንጎራጉር።

"ያ ሁሉ ሳቅ?" አለችው።

"ሳቄን ባቆም ታውቂብኝ ነበር" አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። በዚያው እንደዞረ፣ "አሁን አልቅሺ፣ የሚሰማን የለም" አላት።

ዘይባ ልጇን ልትጠራ አፏን ከፈተች። ምንም አልወጣም። ካንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይላሉ። እንባውስ አልገደደም፤ የገደዳት ድምፅ ነው። ያላትን ሁሉ ካፒቴኑ ፊት ጨርሳዋለች።

ሀቢቡ ሁለቱን ቅጠሎች አንድ ላይ አጥፎ ከጣራው ሣር መሀል ሸጎጣቸው።

"ፈረንጁ ሲወጣ ወንዝ ወስደን እንሸኘዋለን" አለ።

መቼ ነው የሚወጣው ብላ ልትጠይቀው ፈለገች፤ ለዚያም ድምፅ አልነበራትም።