ቀዩ ክብ

አዲስ አበባን ወደ ገበሬው መሬት ያሰፋል የተባለው የማስተር ፕላን ተቃውሞ የሱሉልታን መንገድ በዘጋ በሦስተኛው ቀን፣ ኦቦ ዲሪርሳ በተከራያቸው በፈቲያ በር ላይ ደርቀው ቀሩ። ግድግዳው ላይ በተለጠፈው ካርታ፣ አዲስ አበባን ከሱሉልታ እስከ ሰበታ የሚከብ ቀይ መስመር ተስሏል። መስመሩ ማሳቸውን ለሁለት ይከፍላል።

«ይህን ማን ሰጠሽ?» አሉ በጣታቸው ወደ መስመሩ እያመለከቱ።

«እኔው ነኝ የሳልኩት። ማስተር ፕላን አይደለም።» ፈቲያ ፊዚክስን የተማረችው ያለ አስተማሪ በስልኳ ነው፤ ለማያውቅ ማስረዳት ያኮራታል። «አውሮፓ ውስጥ ሊቆፍሩት ያሰቡት ዋሻ ነው፣ ዙሪያው መቶ ኪሎ ሜትር። የአቶም ቅንጣቶችን እያጋጩ ሂግስ የተባለችውን ቅንጣት ዘመዶችና ማንም ያላየውን ጨለማ ቁስ ሊፈልጉበት ነው። ስፋቱ እንዲገባኝ እዚህ አሳረፍኩት እንጂ ያንቱን ገብስ ማን ይነካዋል?»

«ከዋሻው በላይ ገበሬ አለ?»

«አለ።»

«ሊቆፍሩ ሲያስቡ ጠየቁት?»

ፈቲያ ዓመት ሙሉ ስለዚያ ዋሻ ያላነበበችው ያለ አይመስላትም ነበር፤ ይህን ግን አንድ ቀን እንኳ አላሰበችውም።

«አውርጂው፣ ኢንታላ ኮ፣ ልጄ» አሉ ሽማግሌው። «ጎረቤት ካየው መሬታችንን የሸጠው ዲሪርሳ ነው ይላል። የጥያቄዬን መልስ ስታገኚ ትሰቅይዋለሽ።»

ለማንም ተሸንፋ የማታውቀው ልጅ ወንበር ላይ ወጥታ የካርታውን ጥግ መላጥ ጀመረች።