የእማማ እናትዓለም ወራሾች

እማማ እናትዓለም የተቀበሩ ዕለት የእድሩ ጸሐፊ ከመቃብሩ ዳር ቆሞ፣ «ባለ ሐዘኑ ማን ነው? ሰው ማንን ያጽናና?» ብሎ ሲጠይቅ ሦስት ሰዎች እኩል «እኔ ነኝ» አሉ። ሰገነት አለች፤ የሺአረግ አለች፤ አካሉም አለ። ጸሐፊው ግራ ገብቶት ሦስቱንም አሰልፎ አቆማቸው፤ ለቀስተኛውም ሦስቱን በየተራ እጅ እየነሳ አለፈ።

እጅ ሳይነሳ የቀረው ቢያዝን የሚባለው የቀበሌው ሊቀመንበር ብቻ ነበር። ሰገነትን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በር አጠገብ ጠብቆ ወደ ጎን ጠራት።

«ጓዲት ሰገነት፣ ሦስታችሁም የሴትዮዋ ልጆች አይደላችሁም።»

«ማን እንደሆንን አንተ ታውቃለህ። በራችንን ስትጠብቅ ነው የኖርኸው።»

«ወራሽ የሌለው ቤት ወደ ቀበሌ ይመለሳል። አንቺ ግን የፋብሪካ ሠራተኛ ነሽ፤ አልጎዳሽም። የማደጎ ልጃቸው ነበረች ብዬ አስመዘግብሻለሁ። አንድ ቤት፣ አንድ ወራሽ። ሁለቱ ይወጣሉ።»

«ሁለቱ የት ይገባሉ?»

«እንደ ማንኛውም ሰው በየቤታቸው ይኑሩ! ደግሞስ ማን ፈቅዶላችሁ ነው እንዲህ ተሰብስባችሁ የምትኖሩት? በጋራ መኖር በእቅድ ነው፤ እንዲሁ በመዋደድ አይደለም።» ባርኔጣውን አደረገ። «በሠልስቱ መጥቼ መልስሽን እሰማለሁ።»

ቤቱ ከሐይቁ ዳር፣ ደንገሉ ሲያልቅ ነው የሚገኘው። ሁለት ክፍል ብቻ ነው፤ ግቢው ግን ሰፊ ነው። የእማማ እናትዓለም አንድ ልጅ፣ ክንዱ የሚባለው፣ ከዚያ ቤት የተወሰደው በሺ ዘጠኝ መቶ ሰባ ዓመተ ምሕረት ነው። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ውስጥ መካኒክ ነበር። ተገደለ፤ ሬሳውን እንኳ አልሰጧቸውም። ለፀረ አብዮተኛ አይለቀስም ተባለ፤ ድንኳን አይጣልም፣ ጥቁር አይለበስም ተባለ። ጎረቤቱ ሁሉ በዚያ በር ማለፍ ፈርቶ በሌላ መንገድ መዞር ጀመረ።

ሦስት ሰዎች ግን መጡ። ሰገነት ከመሸንቲ መጥታ ፈትል ክፍል የተቀጠረች፣ የሰው ጓዳ ተከራይታ የምትኖር ልጅ ነበረች። ክንዱ የተበላሸ የፈትል መኪናዋን ሲጠግን ከሚያወራው ቀልድ በቀር አታውቀውም። የሺአረግ ዓሣ ነጋዴ ናት። አካሉ የክንዱ የሥራ ባልደረባ ነው። ድምፅ እንዳይሰማ የነጠላቸውን ጫፍ ነክሰው ከእማማ እናትዓለም ጋር አለቀሱ። ሰዓት እላፊ ደረሰና እዚያው አደሩ። በማግሥቱም መጡ፤ በሦስተኛውም። ሊያለቅሱ የመጡት እንደዚያው ቀሩ።

እያደር የየኪራይ ቤታቸውን ለቀው ተጠቃለሉ። ወጉን ያወጡት አራቱ ተቀምጠው ነው፤ አንድ ድስት፣ አንድ በር። ከሌሊት ፈረቃ የተመለሰ ሰው አይቀሰቀስም። ያልተሸጠው ዓሣ የሁሉም ነው። የታመመን ማንም ተረኛ ሳይባል ያስታምማል። ወንድ ነኝ ብሎ ከጓዳ የሚቀር የለም። አካሉ በረንዳው ላይ ሳህን ሲያጥብ ያየ የሰፈር ጎረምሳ ሁሉ «እሜቴ አካሉ!» እያለ ይጮህበት ነበር። እሱም ቀና ሳይል፣ «ሳህኑ ጢም አለህ ወይ ብሎ መች ጠየቀኝ!» ይል ነበር። እማማ እናትዓለም ከሐዘናቸው በኋላ መጀመሪያ የሳቁት እንዲህ ሲል የሰሙት ዕለት ነው።

አሁን እሳቸው የሉም። ከቀብር መልስ፣ ለቀስተኛው ሳሳ ሲል፣ ሰገነት የሊቀመንበሩን ቃል ለሁለቱ ነገረቻቸው።

«ተቀበይው» አለ አካሉ። «ቤቱ ከሚጠፋ አንቺ ያዥው። እኔ ዓባይ ማዶ መጠጊያ አላጣም።»

የሺአረግ ዞር ብላ ከላይ እስከ ታች አየችው። «አየ እሜቴ! ሳህኑን ስታጥብ ልብህም አብሮ ታጠበ?»

«እሷ እንኳ ትትረፍ ብዬ ነው።»

«ብቻዋን ተርፋ ምን ልትሆን? ከግድግዳ ጋር ልትበላ?»

ሰገነት የራሷ የሆነ በር ኖሯት አያውቅም። ልቧ ለአንድ አፍታ ቤቱን ዞሮ አየው፤ የራሷ አልጋ፣ የራሷ ቁልፍ፣ ማንም ውጪ የማይላት። ደስ የሚል ነገር ነበረው። ከዚያ አካሉን አየችው። ከአሁኑ ልብሱን መሰብሰብ ጀምሯል፤ ያችን አንድ ኮቱን አጥፎ ጭኑ ላይ አስቀምጧል። ያን ጊዜ ንዴቱ ከእግሯ ጀምሮ ወጣባት።

«ኮትህን ስቀል!» አለችው። «ክንዱን እንዴት ነው የወሰዱት? ብቻውን አድርገው አይደለም? ሰውን አንድ በአንድ ነው የሚጨርሱት። ዛሬ እናንተን በእኔ እጅ ያስወጣል፤ ነገ እኔን በማን እጅ እንደሚያስወጣኝ ያውቃል።»

«እና ምን ብለሽ ልትመልሽለት ነው?»

«አልቅሼ።»

የሺአረግ ቶሎ ገባት። ሰገነትን ሙሾ ያስተማራት ሰው የለም። ፈትል ክፍል ውስጥ መኪናው ሲጮህ ሰው የራሱን ድምፅ እንኳ አይሰማም። እሷም በዚያ ጩኸት ተከልላ፣ ክሩ ሲበጠስ እየቀጠለች፣ ለክንዱ ሙሾ ስታወርድ ነው የኖረችው። ጮክ ብላ ነበር የምትለው፤ ከአጠገቧ ያለችው ሠራተኛ ግን አፏ ሲንቀሳቀስ አይታ ታኝካለች ትል ነበር።

በሠልስቱ ድንኳኑ ጢም አለ። ቢያዝን ሁለት የአብዮት ጥበቃ ጓዶች አስከትሎ መጣ፤ አንደኛው ቤት የሚታሸግበትን ወረቀትና ሙጫ ይዟል። ሦስቱ ባለ ሐዘኖች ፀጉራቸውን ተላጭተው፣ መሬት በተነጠፈው ፍራሽ ላይ ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠዋል። ቢያዝን ከመካከል ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ።

«የተከበራችሁ የቀበሌያችን ነዋሪዎች...»

ሰገነት ተነሣች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ አሰረችና ደረቷን መታች።

«እናቴ ተነሺ ቤትሽ ሰው ሞልቶታል፣
ወራሽ የላት ብሎ ሊቀመንበር መጥቷል።»

ሴቶቹ «ወየው!» ብለው ተቀበሉ። ሙሾ ሲወርድ የቆመ ሰው አይናገርም፤ ባርኔጣውን አውልቆ አንገቱን ይደፋል። ቢያዝንም የዚያው አገር ልጅ ነውና እጁ ሳያስበው ወደ ባርኔጣው ሄደ። ጩኸቱ ሲበርድ ጠብቆ እንደገና፣ «እንግዲህ በአዋጁ መሠረት...» ሲል፣ የሺአረግ ያንኑ ሙሾ ደግማ አወረደችው። እንደገና «ወየው!» ሆነ። ከኋላ አንድ ሽማግሌ ሳቁን በጋቢው ጫፍ አፈነ።

«ይበቃል!» ብሎ ጮኸ ቢያዝን። «ሰገነት፣ መልሱን ብቻ ንገሪኝ። ወራሿ ማን ነው? አንድ ስም!»

«አንድ ስም ነው የምትፈልግ?»

«አንድ ስም።»

«ክንዱ ነው» አለች።

ያን ስም በአደባባይ የጠራ ሰው አልነበረም። ሰገነት ግን ቀጠለች፤ የመኪና ጩኸት በሌለበት የወጣው ድምፅዋ ለራሷም አዲስ ሆነባት።

«ክንዱ የሄደ ለት ድንኳን አልተጣለም፣
ጥርሳችን ተነክሶ እንባው አልወረደም።»

ማንም አልተቀበለም። ቢያዝን ወደ ጓዶቹ ዞረ፤ «ያዟት» ሊል አፉን ሲከፍት ከድንኳኑ ጥግ አንዲት አሮጊት በምርኩዛቸው ተነሡ። ወይዘሮ ወለላ ናቸው፤ ከዚያ ዘመን ወዲህ ሲያለቅሱ ያያቸው የለም።

«የእኔስ አገኘሁ!» ብለው እንደ ክንዱ የተወሰደባቸውን ልጅ ስም ጠሩ። «ልጄ አገኘሁ!»

ከዚያ በኋላ የሚያቆመው አልተገኘም። አንዷ ወንድሟን ጠራች። አንዱ ጎልማሳ ጋቢውን ጥሎ የሚስቱን ስም እየጠራ ደረቱን መታ። ስማቸው በየቤቱ ተውጦ የኖረ ሁሉ በዚያ ድንኳን ውስጥ ተጠራ። ሙጫ የያዘው የአብዮት ጥበቃ ጓድ ወረቀቱን መሬት ላይ አስቀምጦ ፊቱን ወደ ድንኳኑ ሸራ መለሰ። እሱም የሚጠራው ሰው ነበረው።

ቢያዝን ያንን ሁሉ ሰው አየ። ማንን ይያዝ? ወረቀቱን አንሥቶ ወጣ።

ነገሩ በዚያ እንዳላበቃ ሁሉም ያውቀዋል። ወይዘሮ ወለላም ስለሚያውቁት ከድንኳኑ ወጥተው ቤታቸው ሄዱና የልጅ ልጃቸውን ፍራሻቸውን አሸክመው ተመለሱ። ሐዘንተኛ ብቻውን አያድርም። እሳቸውን አይተው ሌሎቹም አመጡ፤ ፍራሽ፣ ቁርበት፣ ሰሌን፣ ያገኙትን ሁሉ።

ቢያዝን ፀሐይ ሳትጠልቅ ሌሎች ጓዶች ይዞ ሲመለስ ከበር እስከ ጓዳ እግር የሚያሳርፍበት ባዶ ቦታ አጣ። ሰው ያለበት ቤት አይታሸግም። በሩ ላይ ቆሞ፣ «ሠልስቱ አብቅቷል። ይኼ ሁሉ ሰው ምን ያደርጋል?» አለ።

«ለቅሶ ተቀምጠናል» አለች ሰገነት። «ዛሬ የክንዱ ነው። ከእሱ ቀጥሎ የአገኘሁ። ከዚያ የሌሎቹ፣ በየተራ። የማንንም አንዘልም።»

«እስከ መቼ?»

«እኛን ትጠይቃለህ?» አለች የሺአረግ። «ስንት እንደሆኑ የምታውቁ እናንተ ናችሁ።»

ሰገነት በሩን አልዘጋችበትም፤ ክፍት ትታው ወደ ውስጥ ገባች። አካሉ ከጓዳ፣ «ወይዘሮ ወለላ፣ እስቲ ወደ ግድግዳው ጠጋ ይበሉልኝ፤ አንድ ፍራሽ ይገባል» ይላል። ድስቱ ትንሽ ሆኖበት ከጎረቤት ትልቅ ድስት ሊዋስ እጁን እየጠረገ ወጣ፤ ሊቀመንበሩንም በትከሻው ገፋ አድርጎት አለፈ።