የላላ ቁልፍ

በዚህ ወር ስንት ጊዜ ሆስፒታል እንደተመላለስን አትጠይቁኝ፤ እግሬ እስኪቀጥን ሄጃለሁ። አባቴ ልብስ ሰፊ ነው። አምና እጁ በመንቀጥቀጡ መርፌ ላይ ክር ማስገባት ሲያቅተው፣ ሐኪሞች አንጎሉ ውስጥ ቀጭን ሽቦ አስገቡለት። ሽቦውን በአንገቱ ቆዳ ሥር አሳልፈው ደረቱ ውስጥ ከቀበሩት ባትሪ ጋር አገናኙት። ባትሪው ሲበራ እጁ ረጋ። በሳምንቱ ሱሪ ሰፋ።

አሁን መንቀጥቀጡ ተመልሶ መጣ። ባትሪውን የምታስተካክለው ባለሙያ ኃይሉን ትጨምራለች፣ ትቀንሳለች፣ "ባትሪው ደህና ነው" ብላ ትሸኘናለች። ደህና ከሆነ ሾርባውን በማንኪያ የማጎርሰው ለምንድን ነው? "ነካክተኸዋል እንዴ?" ስለው ደግሞ "ኧረ በጭራሽ" ይላል።

በአራተኛው ቀጠሮ ዶክተሩ ራጅ አስነሳው። ፎቶውን ሳየው ክው አልኩ። ደረቱ ላይ ያለው ሽቦ እንደ ገመድ ተገምዷል። እየተጠመዘዘ ሲያጥር፣ አንጎሉ ውስጥ ያለውን ጫፍ ስቦ ከቦታው አውጥቶታል።

"አባባ፣ ባትሪውን ከቆዳዎ በላይ በእጅዎ ያዞሩታል?" አለ ዶክተሩ።

አባቴ ኮርኒሱን አየ። "ላልቶ ነበር። የላላ ቁልፍ እኮ ጠምዘዝ ጠምዘዝ ሲያደርጉት ይጠብቃል።"

ቆሽቴ አረረ። "አባዬ! የኮት ቁልፍ መሰለህ? ስንቴ ጠየቅኩህ!"

"ነካካህ ወይ ነው ያልሽኝ። አዞርክ ወይ አላልሽም።"

ዶክተሩ ሳቁን ዋጠ። ቀጥሎ የተናገረው ግን የሚያስቅ አልነበረም። ጭንቅላቱ እንደገና ይከፈታል፤ ባትሪው ከጡንቻው ጋር ይሰፋል። ቁስሉ ካመረቀዘ ሽቦውም ባትሪውም ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ዳግመኛ ለማስገባት ዶክተሩ ቃል አይገባም።

"በድርብ ክር ይሁን" አለ አባቴ፣ ኮት የሚያሰፋ ይመስል።

ታክሲ ውስጥ አኮረፍኩት። ግማሽ መንገድ ሳንሄድ እጁ እየተንቀጠቀጠ ወደ ደረቱ ሄደ። አፈፍ አድርጌ ያዝኩት።

"አሁንስ አበዛኸው! ምን አለ ብትተወው?"

"ላዞረው አይደለም" አለ ቀስ ብሎ። "መኖሩን ለማየት ነው። ጠዋት ስነሳም፣ ስሰፋም፣ ሳላስበው እጄ እዚያ ይሄዳል። ከቦታው የለቀቀ ይመስለኛል።"

"ታዲያ የላላ ቁልፍ ያልከውስ?"

"ዶክተሩን ምን ልበለው?" አለ በመስኮት እያየ። "ፈራሁ ልበለው?"

እጁን በሁለት እጄ ጭብጥ አድርጌ ያዝኩት። አሁንም ይንቀጠቀጣል።