ሻጭ ይውጣባት

የብርጓል ሞተሯን ከማኅበሩ መጋዘን ደጃፍ አቆመችና ቁልፉን ነቅላ በጡጫዋ ጨበጠችው። ዛሬ ይህን ቁልፍ አስረክቢ ሊሏት ነው፤ ታውቃለች። ልትሰጥ ግን አልመጣችም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከይጁቤ ወጣ ብሎ ያለው የገበሬዎች ማኅበር አምና አንዲት ባለአራት እግር ሞተር ገዛ። መኪና የማይደፍረውን ዳገት ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ተሸክማ ትወጣለች፣ ስትመለስ እህል ታወርዳለች ተብሎ ብዙ ተወራላት። የብርጓል ደብረ ማርቆስ ሄዳ መንጃ ፈቃድ አውጥታ ስለነበር ሹፌርነቱ ለእሷ ደረሰ። ሴት ሹፌር ያልወደደ ሞልቷል፤ ግንባር ቀደሙም ሊቀ መንበሩ መሳፍንት ነው።

ሞተሯ ታዲያ ምን ሆነች? ገና አዲስ ሽታዋ ሳይለቃት የጭነት ብረቷ ከብየዳው ተገነጠለ። ብሎኗ ማታ ጠብቆ ጠዋት ላልቶ ይገኛል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ የገጣጠማት ሰው ምን እንዳስቸኮለው እሱ ይወቅ። ይህስ ይሁን፣ በሽቦ ታስሮ ይታደራል። ክፉው ዐመሏ ሌላ ነው። ጭነት ይዛ ቁልቁለት ስትወርድ መሪዋ ድንገት ወደ ግራ ይስባል፣ ገደል የጠራት ይመስል። የብርጓል ክንዷ እስኪዝል እየታገለች ስታወርዳት ከረመችና በሰኔ ጭቃ አንድ ቀን ከነማዳበሪያው ቦይ ውስጥ ከተተቻት። ጉልበቷ ተላጠ። ስለ ጉልበቷ የጠየቀ ግን የለም። "ድሮስ ሴት" ተባለ፣ አለቀ።

ስሞታው ደብረ ማርቆስ ደርሶ ሻጩ ታዲዮስ መጣ። አመጣጡስ! የእሷኑ ሞተር የምትመስል ቀይ አዲስ ሞተር ላይ ጉብ ብሎ፣ ጥቁር መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ። ሽማግሌዎቹ ከመጋዘኑ በር ተቀምጠው ይጠብቁታል፤ በመካከላቸው ዲማ ተምረው የመጡት የድጓ መምህር የኔታ አካለ ወልድ አሉ።

"ብየዳው ስለምን ተገነጠለ ልጄ?" ብለው የኔታ ጠየቁት።

"የኔታ፣ ድርጅታችን እኮ በየከተማው ቅርንጫፍ አለው" አለ ታዲዮስ።

በቅሎን አባትህ ማነው ቢሉት ፈረስ አጎቴ ነው አለ። የብርጓል ሳቋን ዋጠች።

"መሪዋስ?"

"መሪ የያዡ ነው። ሞተሯ እንከን የላትም፤ ሹፌሯን ቀይሩ። ጠንከር ያለ ወንድ ይያዛት።"

መሳፍንት ይህን ሲሰማ እጁን ወደ የብርጓል ዘረጋ። "በይ፣ ቁልፉን።"

የብርጓል ተናደደች። የበቅሎ ነጋዴ ልጅ ናት፣ ቁይ ገበያ ውስጥ ነው ያደገችው። በዚያ ገበያ "በቅሎዋ ዐመለኛ ናት" ከተባለ ሙግት የለም። ሻጩ ራሱ ጭኖ፣ ራሱ ተቀምጦባት ቁልቁለቱን ይወርዳል። በሰላም ከወረደ ገዢው አፉን ይይዛል። ካልወረደ ምትክ እስኪያመጣ ድረስ የመጣበትን የራሱን በቅሎ ለገዢው ትቶ ይሄዳል። የአባት ደንብ ነው፤ እነ መሳፍንትም በዚሁ ደንብ ስንት በቅሎ ገዝተዋል። ሞተሯን ሲገዙ ግን ደብረ ማርቆስ ሜዳው ላይ አዙረው፣ ቀለሟን አድንቀው፣ አስመርቀው ይዘዋት መጡ። ብረት ምን ዐመል አለው ብለው ነዋ!

"ቁልፉን እሰጣለሁ" አለች። "ለእርስዎ ግን አይደለም አያ መሳፍንት፣ ለሻጩ ነው። የኔታ፣ የቁይ ደንብ ለሞተር አይሠራም?"

የኔታ ጢማቸውን ዳሰስ ዳሰስ አደረጉ። "ተሽጦ የሚጋለብ ሁሉ ደንቡ ይገዛዋል። ሻጭ ይውጣባት።"

ሽማግሌዎቹ "እውነት ነው" አሉ። መሳፍንት የአባቱን ደንብ እንዴት ይቃወም? እጁን ሰበሰበ።

ማዳበሪያው ተጫነ። ታዲዮስ እየሳቀ ወጣባት፤ የብርጓል በስተቀኝ፣ በዳገቱ በኩል በእግሯ አብራው ወረደች።

"ከታች ሾላው ዘንድ ሲደርሱ ትስባለች፣ መሪውን ያጥብቁ" አለችው።

"ይህን ለእኔ ተይው እህቴ።"

ሾላው ዘንድ ደረሱ። ሞተሯ እንደ ልማዷ ወደ ግራ ሸመጠጠች። ታዲዮስ "ኧረ!" ከማለቱ የብርጓል ዘላ የመሪውን ቀኝ ጫፍ ያዘች፤ ፍሬኑን ጨምቃ ወደ ራሷ ሳበችው። የፊት ጎማው የቦዩን ከንፈር ረግጦ ቆመ። ሰው ሁሉ ከላይ ሆኖ አየ።

ታዲዮስ ሲወርድ ፊቱ አመድ መስሏል። የኔታ በከዘራቸው እየተደገፉ ደረሱ። "መሪ የያዡ ነው አልክ። ያዡ ማን ነበር ልጄ?"

"ዐመለኛ ናት የኔታ" አለ ታዲዮስ ቀስ ብሎ።

የብርጓል ደስ አላት፤ ምን ያስደብቃል፣ እጅግ ደስ አላት። ታዲዮስ የቀይዋን ሞተር ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ለሊቀ መንበሩ ሰጠ። መሳፍንት ቁልፉን አገላብጦ አየው፤ አንድ ጊዜ ቦዩን አየ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ የብርጓልን።

"በይ፣ ቁልፉን እንቺ" አላት።

ታዲዮስን አውቶቡሱ እንዳያመልጠው፣ የብርጓል ራሷ በቀይዋ ሞተር እስከ አስፋልቱ ልታደርሰው ከኋላዋ አስቀመጠችው። ሾላው ዘንድ ሲደርሱ ታዲዮስ ትከሻዋን ጭምቅ አደረገ።

"አይስጉ" አለችው፤ መሪውን ላላ አድርጋ ያዘችው። ቀይዋ ሞተር ቀጥ ብላ ወረደች።

ታዲዮስ ተነፈሰ። "ይቺኛዋ በኋላ የመጣች ናት። ብየዳዋም መሪዋም ተስተካክሎላታል።"

"እንከን ከሌላት ስለምን ተስተካከለ?" አለች የብርጓል።

ታዲዮስ ጥቁር መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ ዓይኑ ላይ አደረገ።